መካከለኛ ካርታ ይዞ ማስፈራራት፦ የተደበቀ መረጃ ስሌት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ፕሮባቢሊቲ የሚሰጠው በሳንቲምና በዳይስ ነው። ሳንቲም ግን አይዋሽም፤ ዳይስም የሰውን ፊት አይቶ ሐሳቡን አይለውጥም። ተማሪው ከክፍል ሲወጣ የሚገጥመው ዓለም ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ ዓለም ሌላው ሰው የሚያውቀውን እኛ አናውቅም፤ እኛ የምናደርገውም ለእርሱ ወሬ ነጋሪ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው እንዲህ ያለው የተደበቀ መረጃ ስሌት በትምህርታችን ውስጥ ቦታ ሊያገኝ ይገባል ብለን ነው። ለማስረጃነት የመረጥነው ምሳሌ አንዳንድ አንባቢን ቅር ሳያሰኝ አይቀርም፤ በኢንተርኔት የሚካሄደው የፖከር ጨዋታ ነውና።

ምሳሌውን የመረጥነው ቁማርን ለማሞገስ አይደለም። ከሳሪስ አልፎ በቃሊቲ በኩል ወደ አቃቂ የሚወርድ ሰው፣ በእጅ ስልኩ ላይ የእግር ኳስ ውጤት እየገመተ የሚወራረድ ተማሪ ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ማየት ብርቅ አይሆንበትም። ወጣቶቹን ስንጠይቃቸው ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «ይህ ዕድል ሳይሆን ዕውቀት ነው» የሚል ነው። መልሱን ሳይመረምሩ ማጣጣል ለሳይንስ ሰው አይገባም። በእርግጥ ዕውቀት ያለበት ጨዋታ ወስደን፣ ዕውቀቱ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ማየት ይሻላል።

ቴክሳስ ሆልደም በተባለው የፖከር ዓይነት እያንዳንዱ ተጫዋች ለራሱ ብቻ የሚያያቸው 2 ካርታዎች ይሰጡታል፤ ሁሉም በጋራ የሚጠቀሙባቸው 5 ካርታዎች ደግሞ በየዙሩ መሐል ላይ ይገለጣሉ። ከ52 ካርታ ሁለት ሁለት ሆነው ሊወጡ የሚችሉት ጥንዶች 1,326 ናቸው። ተራ የደረሰው ሰው ገንዘብ ሳያስይዝ ሊያልፍ ወይም ሊያስይዝ ይችላል፤ ሌላው አስይዞ ከሆነም ያንኑ አሟልቶ ይከተላል፣ በላዩ ይጨምራል፣ አለዚያም ካርታውን ጥሎ ይወጣል። በየዙሩ ቀድሞ የሚናገር ሰው ጉዳት አለበት፤ ተቀናቃኙ የእርሱን ድርጊት አይቶ ሲወስን፣ እርሱ ግን ምንም ሳያይ ይወስናል። ይህን ጉዳት ለመካስ ከተፈለሰፉት ዘዴዎች አንዱ «አልፎ መጨመር» ነው። ደካማ መስሎ ማለፍ፣ ተቀናቃኙ ሲያስይዝ ደግሞ በላዩ መጨመር ማለት ነው።

ጀማሪ ተጫዋች ይህን ዘዴ የሚወደው በተለይ መካከለኛ ካርታ ሲይዝ ነው። መሐል ላይ ንጉሥና 8 ከሌሎች አነስተኛ ካርታዎች ጋር ተገልጠው፣ በእጃችን 9 እና 8 አለ እንበል። ጥንድ 8 አግኝተናል። ንጉሥ ከያዘው እናንሳለን፤ ምንም ካልያዘው እንበልጣለን። ልንጥለው አንፈልግም፤ እያሟሉ መከተልም ፍርሃት ይመስላል። «ጨምሬ ጉዳዩን እዚሁ ልጨርሰው» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ስሌቱን እንመልከት። የመጨረሻው ካርታ ተገልጧል፤ መሐል ላይ 100 ብር አለ። እኛ አለፍን፤ ተቀናቃኛችን 50 ብር አስያዘ። እንዲህ ካደረገባቸው 10 ጊዜያት በ6ቱ ከእኛ የሚበልጥ ካርታ እንደያዘ፣ በ4ቱ ባዶ እጁን እያስፈራራ እንደሆነ እናስብ። 50 ብር አሟልተን ብንከተል በ4ቱ 150 ብር እናገኛለን፤ በ6ቱ 50 ብር እናጣለን። በ10 ጊዜ ውስጥ 600 ብር ገብቶ 300 ብር ይወጣል፤ ትርፉ በአማካይ 30 ብር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ 150 ብር ከፍ እናድርገው። ባዶ እጁን የነበረው ይሸሻል፤ በ4ቱ ያንኑ 150 ብር እንወስዳለን። የሚበልጠን ሰው ካልሸሸ ግን በ6ቱ የምናጣው 50 ሳይሆን 150 ብር ነው። 600 ይገባል፣ 900 ይወጣል፤ በአማካይ 30 ብር ኪሳራ ነው። ከሚበልጡን 6 አጋጣሚዎች በ2ቱ ልናስፈራራው ብንችል እንኳ ውጤቱ ወደ 30 ብር ትርፍ ይመለሳል እንጂ ሳንጨምር ከምናገኘው አይበልጥም። ጭማሪው የሚያዋጣው ብልጫ ካላቸው መካከል ከሲሶው በላይ የሚሆኑት ሲሸሹ ብቻ ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ነው። በዚህ ጭማሪ ውስጥ ጥንድ 8ታችን ምን ሠራ? ምንም። የሚያንሱን ሸሹ፤ የቀሩት ሁሉ ይበልጡናል። ጥንድ 8 ፋንታ እርባና ቢስ ካርታ ይዘን ብንጨምር ኖሮ ገቢውም ወጪውም ያው ነበር። ልዩነቱ እርባና ቢሱ ካርታ ሌላ አማራጭ የሌለው መሆኑ ነው፤ ቢጣል ትርፉ ዜሮ ነው። መካከለኛው ካርታ ግን ዝም ብሎ በመከተል 30 ብር የሚያመጣ ንብረት ነበር። ማስፈራራት ካስፈለገ በማይረባው ካርታ ይሁን።

ጭማሪ ወንፊት ነው። ከመጨመራችን በፊት የመብለጥ ዕድላችን 40 በመቶ ነበር፤ ጨምረን ተቀናቃኙ ከተከተለን በኋላ ግን ወደ ዜሮ ወርዷል። ካርታው አልተለወጠም። የተለወጠው በወንፊቱ ላይ የቀረው ሰው ነው። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ የመለኪያ መሣሪያውን መነሻ ከፍ አድርጎ ያለፈለትን ምልክት ብቻ የሚቆጥር ተማሪ፣ ውጤቱን ሁሉንም ምልክቶች የሚወክል አድርጎ ቢያቀርብ እንመልሰዋለን። ሕጉ አንድ ነው።

ይህን ሕግ የአቃቂ የከብት ገበያ ገዢ ያለ ቀመር ያውቀዋል። በበዓል ዋዜማ አንድ በሬ ላይ ሲደራደር «አንተ ጥራ»፣ «የለም፣ አንተ ጥራ» እየተባባሉ የሚቆዩት ቀድሞ የተናገረ ሰው መረጃ ስለሚሰጥ ነው። ገዢው ዋጋ ጠርቶ ሻጩ ሳይከራከር «ውሰደው» ካለው ደስታ አይሰማውም፤ ይደነግጣል። በሬው ከመጠራቱ በፊትም በኋላም ያው በሬ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ዋጋ በደስታ የሚሸጥ ሰው የበሬውን ጉድለት የሚያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል። የኢኮኖሚክስ ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪናዎች ገበያ ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ በስሌት አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆኗል። (በእርግጥ በገበያ ሻጭም ገዢም ተጠቅመው ሊለያዩ ይችላሉ፤ በካርታ የአንዱ ትርፍ የሌላው ኪሳራ ነው። ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ብቻ ያገለግላል።)

ጆን ፎን ኖይማን የጨዋታ ንድፈ ሐሳብን መሠረት እ.ኤ.አ. በ1928 ከጣለ በኋላ፣ ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ ለፖከር ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። ባቀረበው ቀላል ሞዴል ውስጥ ቀድሞ የሚናገረው ሰው ማስያዝ ያለበት እጅግ ጥሩና እጅግ መጥፎ ካርታ ሲይዝ ነው፤ በመካከለኛው ማለፍ አለበት። ውሸት እዚህ ላይ የጠባይ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ የቀመሩ አካል ሆነ። እጅግ ጥሩ ሲይዝ ብቻ የሚያስይዝን ሰው ማንም አይከተለውምና።

ይሁን እንጂ «በመካከለኛ ካርታ አትጨምር» የሚለውን ምክር እንደ ሃይማኖት የሚይዙትንም አንደግፍም። ከላይ ያለው ስሌት የሚሠራው ሁሉም ካርታ ከተገለጠ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 ካርታዎች ብቻ በተገለጡበት ጊዜ ግን ዛሬ የሚያንሰን ሰው ነገ ሊበልጠን ስለሚችል፣ እርሱን አሁኑኑ ማስጣል ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። የዘመኑ የኮምፒውተር ስሌቶች በዚህ ደረጃ፣ ተቀናቃኙ ያስያዘው ገንዘብ አነስተኛ ሲሆን፣ አንዳንድ መካከለኛ ካርታዎችን አልፎ አልፎ አልፈው ይጨምሩባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ስድስት ሰው በሚጫወትበት ፖከር ባለሙያዎችን ያሸነፈው ፕሉሪበስ የተባለ ፕሮግራም ደግሞ ነባር ተጫዋቾች እንደ ስሕተት የሚቆጥሩትን ድርጊት ከእነርሱ አብልጦ ሲያደርግ ታይቷል፤ ባለፈው ዙር ተከትሎ ብቻ፣ በሚቀጥለው ዙር ቀድሞ ማስያዝን። የልምድ ጥበብ በስሌት ሲፈተሽ ከፊሉ ይጸናል፤ ከፊሉ ይወድቃል።

ቀድሞ የመናገርን ጉዳት ያስወገደ ጨዋታ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአገራችን የቆየው ሰንጠረዥ፣ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት እንደተገለጸው፣ የሚጀመረው «ወረራ» በሚባል ምዕራፍ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያስተካክላል። ማንም ቀዳሚ፣ ማንም ተከታይ አይደለም። ይህን ምዕራፍ በሒሳብ የሚመረምር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ብናገኝ ደስታችን ወሰን የለውም።

ወደ ወጣቶቹ መልስ እንመለስ። ከላይ ያለውን ስሌት የተረዳ ሰው ፖከር ተጫውቶ ያተርፋል? ዕውቀቱ እውነተኛ ነው፤ ግን ሁለት ነገሮች ይቀድሙታል። አንደኛ፣ ገበታውን የዘረጋው ድርጅት ከተከማቸው ገንዘብ እስከ 5 በመቶ ገደማ ይወስዳል። በአንድ ገበታ 6 ሰዎች በሰዓት 60 ዙር ቢጫወቱና በየዙሩ በአማካይ 20 ብር ቢከማች፣ ድርጅቱ በሰዓት 60 ብር፣ ከእያንዳንዱ ሰው 10 ብር ይሰበስባል። ችሎታቸው እኩል የሆኑ ስድስት ሊቃውንት ቢቀመጡ ስድስቱም ይከስራሉ። ሁለተኛ፣ በኢንተርኔት ላይ ከፊታችን የተቀመጠውን አናየውም። ሊብራተስ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 በ20 ቀናት 120,000 ዙር ተጫውቶ አራት ባለሙያዎችን ረትቷል። የተደበቀው ካርታው ብቻ ሳይሆን የተጫዋቹም ማንነት ሆኗል ማለት ነው። በእግር ኳስ ውርርድም ዋጋውን ቀድሞ የሚያወጣው ድርጅቱ ቢሆንም፣ የራሱን ድርሻ በዋጋው ውስጥ አስገብቶ ነው።

ስለዚህ መምህራን ባልደረቦቻችን በ52 ካርታ ክፍል ቢገቡ ነውር እንዳይመስላቸው እንጠይቃለን፤ ገንዘቡ በባቄላ ፍሬ ሊተካ ይችላል። ለመነሻ የሚሆን ጥያቄ እነሆ፦ ከላይ ባለው ምሳሌ ተቀናቃኙ በ50 ፋንታ 100 ብር ቢያስይዝ፣ እኛም ወደ 300 ብር ብንጨምር፣ ጭማሪው ከመከተል የሚሻለው ብልጫ ካላቸው ምን ያህሉ ሲሸሹ ነው? እኛ ያገኘነው መልስ ከአምስት ሁለት እጅ በላይ የሚል ነው።