ሚኒሞ የማይዝ ሞተር ሁሉ ያለቀ አይደለም

ጎፋም ሆነ ለቡ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ለሽያጭ ሲቀርብ ደላላ ዋጋ የሚሰብርባት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ሚኒሞ አይዝም፣ ሞተሩ አልቋል»። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መለዋወጫ ስለተወደደ ሻጩ ይደነግጣል፣ በተባለውም ይሸጣል።

ነዳጅ ሲሰጡት በደንብ እየሄደ፣ ሲለቁት ብቻ የሚንተፋተፍ ከሆነ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ካርቡራተሩ ነው። ለሚኒሞ ቤንዚን የምታሳልፈው የናስ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ታንሳለች። ቆሞ የከረመ ቤንዚን ዝቃጭ ይደፍናታል። ማጠቢያ ፈሳሽና የኮምፕሬሰር አየር ይበቃታል። በሽቦ የሚጎረጉራት መካኒክ (እንዲህ ያለውስ ሞልቷል) ቀዳዳዋን አስፍቶ ሞተሩን ቤንዚን ጠጪ ያደርገዋል።

ስለዚህ ሻጭ ካርቡራተሩን ሳያሳጥብ ዋጋ ባይቀንስ ይሻለዋል። ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ደላላው ሳይዋሽ አልቀረም ማለት አይቻልም።