እጃችሁን ሰብስቡ

አዲስ እባብ በገባበት ቤት የሚያሰጋኝ ሰዉ ነው። እባቡማ ምን አቅም አለው? ከእንቁላል ከወጣ ጥቂት ሳምንት የሆነው፣ ከአውራ ጣት ብዙ የማይወፍር፣ ሲዘረጋ ክንድ የማይሞላ ፍጥረት ነው። ቤተሰቡ ግን የካርቶኑ ክዳን ሳይነሳ ስልክ አውጥቶ ከቦ ቆሟል። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይቀርጻል፣ ሌላው “እስቲ ለእኔ፣ እስቲ ለእኔ” ይላል። ጎረቤት ይጠራል። በማግስቱ የልጁ ጓደኞች በተራቸው ይመጣሉ። ሳምንት ሳይሞላ ስልኬ ይጮኻል፦ “አልበላ አለን፤ ምን ሆኖ ይሆን?” ምን ይሆናል! እናንተ ናችሁ የሆናችሁበት።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ቤቴ ውስጥ ቦል ፓይተን የተባለ እባብ ማኖሬ ከታወቀ ወዲህ በአካባቢው አበሻ ዘንድ ስሜ “የእባቡ ሰውዬ” ሆኗል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ከእኔ ራቅ ብለው የሚቀመጡ አሉ፤ እነሱን አልቀየምም። የምጣላው ከሌሎቹ ጋር ነው። ልጅ ስላለቀሰባቸው ቅዳሜ ከሰዓት መደብር ገብተው፣ ነፍስ ያለው ነገር በጥድፊያ ገዝተው፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእንግዳ እጅ ከሚያዞሩት ጋር።

ከየት እንደመጣ እንኳ የሚጠይቅ የለም። የቦል ፓይተን አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው፤ ከሴኔጋል ተነስቶ እስከ ዩጋንዳ ድረስ ይገኛል። ቀኑን የአይጥ ጉድጓድ ወይም ኩይሳ ውስጥ ተወሽቆ ይውላል፤ ሲመሽ ይወጣል። እናቱ ወደ 2 ወር ለሚጠጋ ጊዜ እንቁላሉ ላይ ተጠምጥማ ትጠብቀዋለች፤ ከተፈለፈለ በኋላ ግን ማንም የለውም። ጭልፊት ይበላዋል፣ አርጃኖ ይበላዋል፣ ሌላ እባብም ይበላዋል። መርዝ የለው፣ ሩጫ የለው። ያለው መላ መደበቅ ነው፤ መደበቂያ ካጣ ደግሞ ጭንቅላቱን መሃል ከትቶ መጠቅለል። እናንተ ግን መዳፋችሁ ላይ ተጠቅልሎ ድርቅ ሲል “አየህ እንዴት ገራም ነው! ወደደኝ እኮ!” ትሉኛላችሁ። አልወደዳችሁም። ከላይ የወረደበት ትልቅ እጅ ሊበላው የመጣ መስሎት የመጨረሻ መላውን እየሞከረ ነው። ዝምታን እሺታ አድርጎ የሚያይ ሰው እባብ ቀርቶ ዶሮም ባይይዝ እመርጣለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሕግ አጭር ነው፦ አትንኩት። ውሃውን ቀይሩ፣ ቆሻሻውን አንሱ፣ ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ ዝጉ (በጣት ቀዳዳ ሾልኮ ይጠፋል)፣ ሂዱ። ሳምንቱ ሲያልፍ ምግብ ስጡት። በላ? እሰየው። አሁንም አትንኩት፤ ቢያንስ 48 ሰዓት ሆዱ ይፍጭለት፤ በዚህ መሃል ያነሳችሁት እንደሆነ የዋጠውን ሊያስመልሰው ይችላል። እኔ ሁለት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሳይበላ እጅ አይረፍበት ባይ ነኝ። “አከረርከው” ይሉኛል። ላክርረዋ! ሳምንት መታገስ ያቃተው ሰው ከእባቡ ጋር 20 ዓመት ሊኖር ነው?

ጊዜው ሲደርስም ከጎን፣ ከወገቡ፣ በሁለት እጅ ሥር ሥሩን ደግፎ ነው ማንሳት። 5 ደቂቃ፣ ቢበዛ 10፤ ከዚያ ወደ ቤቱ። ከላይ ወደ ጭንቅላቱ የሚሰነዘር እጅ የጭልፊት እጅ ነው። ከንፈሩ ዙሪያ ሙቀት የሚለይባቸው ትናንሽ ጎድጓዳ ቦታዎች አሉት፤ በድቅድቅ ጨለማ አይጧን የሚያገኛት በእነሱ ነው። እንግዲህ አይጥ ነክታችሁ ሳትታጠቡ እጃችሁን ብትሰዱ፣ የሚሞቅና አይጥ አይጥ የሚል ነገር ቀረበው ማለት ነው። ቢነክሳችሁ ጥፋቱ የማን ነው? ዓይኑን ሰማያዊ ጭጋግ ሲጋርደውም ቆዳውን ሊቀይር ነውና ተዉት። አንገት ላይ ማንጠልጠል፣ ለፎቶ ከጉንጭ ማስጠጋት፣ ለሕፃን ማቀበል ብሎ ነገር የለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ተሳቢ እንስሳትን ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የማይመክረው ያለ ነገር አይደለም፤ ጤነኛ የሚመስል እባብ ሳልሞኔላ ይዞ ሊኖር ይችላል። የውሃ ሳህኑንም ሰሃን በሚታጠብበት ገንዳ አትጠቡት።

አንድ ቤት ላንሳ። የ14 ዓመት ልጅ ለልደቱ እባብ ተገዝቶለት፣ የመስታወት ሳጥኑ ሳሎን ውስጥ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ሆኖ ዘንዶውን በጦር ከሚወጋበት ሥዕል ግርጌ ተቀምጧል። (ማን እዚያ እንዳደረገው አልጠየቅሁም።) ከጎኑ ቴሌቪዥኑ ያንባርቃል። ከአዲስ አበባ የመጡት አያት ገና ከበሩ “በስመ አብ! በስመ አብ!” ብለው አማተቡ፤ “እኔ ከዚህ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አላድርም” አሉ። ልጁ አለቀሰ፣ አባትየው መሃል ገብቶ ለመነ። በመጨረሻ እርቁ እንዲህ ሆነ፦ እማማ እንዳያዩት ነጠላቸውን በሳጥኑ ፊትና ጎን ጋረዱበት፤ እሳቸው ባሉበት ክዳኑን የሚከፍት ወዮለት። ቴሌቪዥኑም ሌላ ክፍል ተወሰደ፤ ወደዚያ ግድግዳ ዞረው አይቀመጡማ። ልጁ ደወለልኝ። “ጋሼ፣ አያቴ እባቤን እስር ቤት አስገባችብኝ።” “ነጠላውን የነካህ እንደሆነ እኔና አንተ ተጣላን!” አልኩት።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ከመጣ ጀምሮ አፉን ዘግቶ የከረመው እባብ በጨለማው ውስጥ ከዋሻው ብቅ ብሎ አይጡን ወሰደ። ቤት ሙሉ አፍቃሪ ያላደረገለትን አንዲት የሚጠሉት አሮጊት አደረጉለት። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእባብ ወዳጅ የእባብ ፈሪ ይሻላል የምለው። ፈሪ ቢያንስ እጁን ይሰበስባል።

የእባቡን ቤት በተመለከተ ቁጣዬ ከገዢ ወደ ሻጭ ይዞራል። የልጁ እባብ የተገዛበት መደብር ለአባትየው የሸጠለትን ዕቃ አንድ በአንድ አይቻለሁ። ላዩ ወንፊት የሆነ የመስታወት ሳጥን፤ ሙቀቱም እርጥበቱም በዚያ ተንኖ ያልቃል። በኤሌክትሪክ የሚግል ሰው ሠራሽ ድንጋይ። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ቀይ አምፖል። ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ፣ ቀስቱ ደስ ያለው ቦታ የሚቆም የሙቀት መለኪያ። ለጌጥ የፕላስቲክ የራስ ቅል። ከሁሉ የሚቀድመው፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ግን የለም!

እባብ ሰውነቱን ከውስጥ አያሞቅም፤ ሲበርደው ወደ ሙቁ፣ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው እየተሳበ ነው የሚኖረው። ስለዚህ የሳጥኑ አንድ ወገን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሌላው ከ24 እስከ 27 ይሁን፤ እርጥበቱም ከ60 በመቶ አይውረድ። ማሞቂያው በቴርሞስታት ካልተገታ፣ እባቡ ከሥር የሚያቃጥለውን ነገር ይሸሻል ብላችሁ አትመኑ። እላዩ ላይ እንደተኛ ይቃጠላል። እንዲህ የሆነ ሆድ አይቻለሁ፤ ቅርፊቱ ቡናማ ሆኖ፣ ጠርዝ ጠርዙ ተገልብጦ፣ ከሥሩ ሥጋው ረጥቦ። ያ የሚግል ድንጋይ አሁንም የመደብሩ መደርደሪያ ላይ አለ።

“ትልቅ ሳጥን ያስጨንቀዋል” የምትባል ወሬም አለች። ትንሽ እባብ ሰፊ ቦታ ካገኘ ምግብ እንቢ ይላል፣ ስለዚህ ጠባብ ፕላስቲክ ውስጥ ይደግ ይሉናል። የሚያስጨንቀው ስፋቱ አይደለም፤ ባዶነቱ ነው። ሜዳ ላይ አልጋ አንጥፋችሁ “ተኛ” ብትሉኝ እኔም እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰፊውን ሳጥን በቅርንጫፍ፣ በፕላስቲክ ቅጠል፣ በዛፍ ልጣጭ ሙሉት። ሲገባበት ግራና ቀኝ ጎኑን የሚነካው ጠባብ መደበቂያ በሙቁም በቀዝቃዛውም ወገን ይኑር። አንድ ብቻ ካደረጋችሁ “ወይ ሙቀት ወይ መደበቂያ ምረጥ” እያላችሁት ነው፤ ፈሪ ነውና መደበቂያውን መርጦ በብርድ ይቀመጣል። ምንጣፉ እርጥበት የሚይዝ የኮኮናት ቃጫ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሽታ ያለው የሴዳር ፍቅፋቂ ግን ይጎዳዋል።

ይህን ወሬ የሚያናፍሱት እነማን እንደሆኑ ልብ በሉ። እባብ በመቶዎች የሚያራቡ፣ እያንዳንዱን ቀጥ ብሎ መዘርጋት በማይችልበት መሳቢያ ከተው ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደረድሩ ናቸው። “ይበላል፣ እንቁላል ይጥላል፤ ምን ጎደለው?” ይላሉ። እስረኛም ይበላል፤ እስረኛም ይወልዳል። መሳቢያው ለአርቢው ይመቻል፤ ለማጽዳት ይፈጥናል፣ ቦታ ይቆጥባል። ይህንኑ በግልጽ ቢናገሩ ባልተጣላኋቸው፤ “ለእባቡ ብለን ነው” ሲሉ ነው ደሜ የሚፈላው። ከእነሱ መሃል ነው፣ ጭንቅላቱ የሚንቀጠቀጠውንና አንዳንዴም ሽቅብና ቁልቁሉን መለየት የሚያቅተውን “ስፓይደር” የተባለ ዝርያ፣ ጉድለቱ ከመልኩ ጋር አብሮ እንደሚወረስ እያወቀ ዛሬም የሚያራባ ያለው። ቆዳው ያምራላ! እባብ ስለማክበር ካነሳን፣ በቤኒን ዊዳ ከተማ የፓይተን ቤተ መቅደስ አለ። እባቡ ማታ ወጥቶ ሰው ቤት ቢገባ ሳይጎዱት አንስተው ወደ መቅደሱ ይመልሱታል። ከዚያው ከቤኒን፣ ከቶጎና ከጋና ደግሞ በእርባታ የተፈለፈለ የእባብ ጫጩት በገፍ እየተጫነ ወደ አሜሪካና አውሮፓ ሲሄድ ኖሯል። የትኛው ወገን እባብ አክባሪ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

የምግቡ ነገር። እባቡ እንቢ አለ ብሎ መደንገጥ ለሌላው ሕዝብ ይቅር ይባልለት። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን የሚጾም ሕዝብ እባቡ 2 ሳምንት ስላልበላ ድንኳን ሊተክል ሲል ግን ይገርመኛል። አዲስ ቤት የገባ ትንሽ እባብ ሳምንታት ሳይበላ ሊቆይ ይችላል፤ በጭንቀት በየቀኑ እያነሳችሁ ባገላበጣችሁት ቁጥር ደግሞ ጾሙን ታስረዝሙበታላችሁ። ከሳ፣ አፉን ከፍቶ ተነፈሰ፣ አፏጨ፣ አፉ ዙሪያ አረፋ አየን ካላችሁ ለእኔ አትደውሉ፤ ተሳቢ የሚያክም ሐኪም ጋ ውሰዱት። አይጡን በረዶ ሆኖ ከሚሸጠው ግዙ፤ ከእባቡ ወገብ የማይወፍር፣ በሙቅ ውሃ ቀልጦ የሞቀ፣ በረጅም መቆንጠጫ የተያዘ። ሕያው አይጥ አትልቀቁበት። እባቡ ካልራበው ጀርባውን የሚቦጭቀው አይጡ ነው። “ፍሪዘራችን ውስጥ? ከበርበሬው ጎን?” ትላላችሁ። አዎ፣ ክዳን ባለው በራሱ ዕቃ፣ ከበርበሬው ጎን። ይህ የሚያንገሸግሻችሁ ከሆነ ወርቃማ ዓሣ ግዙ።

ቡና እየጠጣን “ከሰለቸን ፓርኩ ውስጥ እንለቀዋለን” ያለኝም አለ። የሜሪላንድ ኅዳር ይገድለዋል። ብርድ እምብዛም በማይገድልበት ፍሎሪዳ ደግሞ ሰው ያመጣው የበርማ ፓይተን ኤቨርግሌድስ ረግረግ ውስጥ ተራብቶ ጥንቸሉንና ራኩኑን ፈጀው፤ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 ያንን ዝርያ ወደ አገር እንዳይገባ ያገደው ከዚያ በኋላ ነው። መልቀቅ የሚባል መውጫ የለም። በሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ እ.ኤ.አ. በ2020 እንቁላል የጣለችው ቦል ፓይተን ዕድሜዋ ከ60 እንደሚበልጥ ነው የተገመተው፤ ቤት ውስጥ 20 እና 30 ዓመት መኖር ብርቅ አይደለም። ልጁ ኮሌጅ ሲገባ ሳጥኑ ከማን ጋር ይቀራል? ከእናቱ ጋር። ለመሆኑ ተጠይቃለች?

በቅርቡ አንድ አባት ደወለ። ቅዳሜ ሊገዛ፣ እሑድ ልደት ሊያከብር። መጀመሪያ ሳጥኑን፣ ቴርሞስታቱንና ሁለት ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዛ፤ ባዶውን 2 ሳምንት አሙቀውና ጠዋት ማታ የተነበበውን ጽፈህ አሳየኝ፤ ያኔ ስለ እባብ እናወራለን አልኩት።

“ለልጄ ልደት ባዶ ሳጥን ልስጠው?” አለኝ፣ ቅር ብሎት።

አዎ፣ ባዶ ሳጥን። ሻማውንም እዚያው ጎን ያጥፋ።