ማይነሩ ክታብ አይደለም

የምዝገባ ሰሞን በመጣ ቁጥር አንድ ወሬ በግቢው ይነዛል። «ሜዲካል ሳይንስ ማይነር ያዙ፤ የሕክምና ትምህርት ቤት ስታመለክቱ ዓይን ውስጥ ያስገባችኋል» የሚል ወሬ። የሚያወሩት ሰዎች ክፋት የለባቸውም። አንዱ ከአማካሪ የሰማውን፣ ሌላው ከታላቅ ወንድሙ የወረሰውን ነው የሚነግረን። እኛ የታሪክ፣ የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና ተማሪዎች ግን በዚህ ነገር አፋችንን እንድንዘጋ ይፈለጋል። «እናንተን ምን አገባችሁ? ግጥማችሁን ግጠሙ!» እንባላለን። አገባን እንጂ! ስለዚህም እንናገራለን።

በቅድሚያ ሐቁን እናስቀምጥ። በዚህ በአሜሪካ ሐኪም ለመሆን የሚማር ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ አንድ ዲግሪ ይይዛል። አገር ቤት እንደለመድነው ሕክምናን ራሱን የመጀመሪያ ዲግሪ አድርጎ መጀመር እዚህ የተለመደ አይደለም። የሕክምና ትምህርት ቤቶቹም «ሜጀርህ ይህ ይሁን» ብለው አያስገድዱም፤ ማይነርንማ ከነጭራሹ አይጠይቁም። አብዛኞቹ የሚጠይቁት የታወቁ ኮርሶችን ነው፦ ባዮሎጂ፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ብዙ ጊዜም ባዮኬሚስትሪ። ከዚያ ኤምካት የሚባለው ፈተና ይከተላል። በቃ፣ በሩ ይኸው ነው።

ታዲያ ማይነሩ ምን ይዟል? ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ቢለያይም፣ በ15 እና በ20 ክሬዲት አካባቢ ሆኖ የሰውነት አሠራርን፣ የበሽታን አመጣጥ፣ የመድኃኒትን ሥራ፣ የሕክምናን ቃላት ያስተምራል። መልካም ትምህርት ነው፤ አልነቀፍነውም። ግን ከእነዚህ ኮርሶች አብዛኞቹ በሕክምና ትምህርት ቤቶች የግዴታ ዝርዝር ውስጥ የሉም። እንግዲህ ማይነሩን የያዘ በሩ አይከፈትለትም፤ ያልያዘም አይዘጋበትም። አንገት ላይ ቢያንጠለጥሉት የሚያድን ክታብ አይደለም።

ባዮሎጂ ሜጀር ይዞ ሜዲካል ሳይንስ ማይነር የሚጨምረውን ጓደኛችንን እስቲ እንጠይቀው። ወንድማችን፣ ከአንዱ ድስት ሁለቴ መጨለፍ ምን ይባላል? እኛ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የምንለው። ክሬዲት ደግሞ ገንዘብ ነው። የብዙዎቻችን ክሬዲት የሚከፈለው ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ በሚያድር አባት፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሁለት ፈረቃ በምትቆም እናት ጉልበት ነው። ይህ ጉልበት በወረቀት ላይ አንድ መስመር ለማስረዘም ሲፈስ እያየን ዝም ማለት አንችልም።

ይህን ስንል ማይነሩ ለማንም አይረባም ማለታችን አይደለም። ለሁለት ዓይነት ሰዎች እጅግ ይረባል። የመጀመሪያዎቹ ሐኪምነትን ሳይሆን ሌላ የጤና ሙያ የሚሹት ናቸው። ፊዚሽያን አሲስታንት ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለመሆን፣ ወይም በሌላ ዲግሪ ላይ ነርስነትን ለመጨመር የሚያመለክት ሰው አናቶሚና ፊዚዮሎጂ መማር አለበት፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች በግድ ይጠይቁታል። ለነዚህ ተማሪዎች ማይነሩ መንገዱ ራሱ ነው። የሚያሳዝነው ግን በየቤታችን «የጤና ሙያ» ሲባል ከሐኪም በቀር ሌላ የሌለ መምሰሉ ነው። ወላጅ «ዶክተር» ብሎ ይጀምራል፣ «ዶክተር» ብሎ ይጨርሳል፤ ልጅም ሳይጠይቅ ይከተላል።

ሁለተኛዎቹ እኛ ነን። አዎን፣ እኛ! የቋንቋ፣ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች። ምክንያታችንን እንዘርዝር።

ወገናችን ታሞ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ምን ይላል? «ደም ብዛት አለብኝ» ይላል። የደም ግፊት ማለቱ ነው። ቃሉ ግን የሚለው ደም በዛ ነው። በማግስቱ «ደም ማነስም አለብዎት» ቢባል ግራ ይጋባል፤ የበዛ ነገር እንዴት ያንሳል? አንዱ የደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚያርፍ ጫና፣ ሌላው ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር ማነስ መሆኑን፣ ኩላሊቱን የታመመ ሰው ላይ ደግሞ ሁለቱ አብረው ሊገኙ እንደሚችሉ ማን ያስረዳው? ፊዚዮሎጂ ብቻ የተማረው ቃሉ የት እንዳሳተው አያውቅም። ቃሉን ብቻ የሚያውቀው ደሙን አያውቅም። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

እንቀጥል። «ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው» የተባለ ሰው ደስ ሊለው ይችላል፤ በመዝገበ ቃላታችን አዎንታዊ የሚባለው ነገር በጎ ነውና። በላቦራቶሪ ቋንቋ ግን የተፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም የተፈለገው በሽታው ነው። «ኩላሊቴን አመመኝ» የሚለው ደግሞ ወገቡንና ጎኑን ነው የሚያሳየው፤ ሕመሙ የጡንቻ ሊሆን ይችላል፣ እውነትም የኩላሊት ሊሆን ይችላል። «ጨጓራዬን» ያለውም እንደዚሁ፤ ቃርም ይሁን ቁስለት፣ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የሚድን የባክቴሪያ ጣጣም ይሁን፣ ሁሉ በአንድ «ጨጓራ» ውስጥ ታጭቋል።

ከሁሉም የከፋው ሰላምታችን ነው። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲል እናታችን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። ምስጋናው ይቀድማል፣ ሕመሙ ይከተላል፤ ወጋችን ነው። ሐኪሙ ግን ጊዜ የለውም፤ «ደህና» የሚለውን ይጽፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ መቼ ደበቀች? የንግግሩ ሥርዓት ነው የደበቀባት። ይህን መፍታት የማን ሥራ ነው? ዕድሜያችንን ሙሉ ሰው ምን ብሎ ምን ማለቱ እንደሆነ የምናጠና እኛ ካልሆንን ማን ይሁን?

«አስተርጓሚ አለ» ይሉናል። አለ። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች የአስተርጓሚ አገልግሎትና የተተረጎመ ጽሑፍ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ትልቅ ድል ነው። ግን ሕግ አስተርጓሚን ወንበር ላይ ያስቀምጣል እንጂ ደም ማነስ ምን እንደሆነ አያስተምረውም። ለአገር አቀፍ የሕክምና አስተርጓሚነት ምስክር ወረቀት ለመፈተን የሚጠየቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 40 ሰዓት ነው። 15 ክሬዲት ያለው ማይነር ግን በ15 ሳምንት ሴሚስተር ሲሰላ 225 ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ ያስቀምጣል። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚሉንም አሉ። ዛፉ አንድ መሆኑን ስላላዩ ነው። ሕክምና ከሰው ንግግር ይጀምራል፤ ምርመራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያውቁታል። በኒው ዮርክ የማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 የሰብአዊ ትምህርት ተማሪዎችን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ እንዲሁም ኤምካት ሳይጠይቅ ማስገባት ጀመረ። በኋላ ሲመዘኑ ከሌሎቹ ተማሪዎች የማያንሱ ሆነው ተገኙ። ኤምካት እንኳ ከአራት ክፍሎቹ አንዱን ለንባብ ሰጥቷል፤ ከሰብአዊና ከማኅበራዊ ትምህርት በተወሰዱ ምንባቦች ላይ 53 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ኑሮ ክፍል ተጨመረበት። በሳይንሱ የነጠረ ስንት ተማሪ ነው በዚያ የንባብ ክፍል የሚንገዳገደው!

ከራሳችን ወገንም የሚወቀስ አለ። «ሳይንስ አይገባኝም» ማለትን እንደ ማዕረግ የሚሸከም የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሞልቷል። ኧረ ምን ያኮራል? ሳንባ እንዴት እንደሚተነፍስ አለማወቅ ግጥም አያሳምርም። ስለ ሕዝብ ስቃይ እየጻፍን ስቃዩ የሰውነት የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነ ካላወቅን ብዕራችን ሸንጎበት ሆኗል ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። ባዮሎጂ የያዛችሁ፣ ማይነራችሁን ከእኛ ዘንድ ምረጡ፤ የሕክምና ታሪክ፣ የቋንቋ ጥናት፣ ፍልስፍና፣ የምትሹት ይሁን። ቋንቋና ታሪክ የያዝን ደግሞ አናቶሚውን ሳንፈራ እንግባበት። ከመፈረማችን በፊት ግን ሁላችንም ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የምሄድበት የሙያ ትምህርት ቤት ይህን ኮርስ በጽሑፍ ይጠይቃል ወይ? ሜጀሬ ያላስተማረኝን ምን ያስተምረኛል? ለሚታመመው ሰው ምን ይጨምርለታል? ለሦስቱም መልስ ካጣን እርሳሱን እናስቀምጥ፤ ገንዘቡም በኪስ ይቆይ።

ለዚህች መጽሔት አዘጋጆችም አንድ ጥያቄ አለን። በሚቀጥለው እትም አንድ ገጽ ስጡን። አንባቢዎች ሁሉ ከየቤታቸው የሰሙትን የሕመም ቃል ይላኩ፤ ምች፣ ቁርጥማት፣ ውጋት፣ ሆድ መባባት፣ ሌላም። እኛ ቃሉን እንፈታለን፣ የባዮሎጂ ጓደኞቻችን ሰውነቱን ይፍቱልን። ሥራው ከዚያ ይጀመር።