ሣሩ በቅሏል፤ ውኃውስ?

በሰሜን ምሥራቅ አሪዞና፣ ብላክ ሜሳ በሚባለው አምባ ላይ ፒቦዲ የተሰኘው ኩባንያ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የድንጋይ ከሰል ሲያወጣ ኖሮ የመጨረሻውን ማዕድን በ2019 ዘጋ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ የማዕድን ሕግ ቁፋሮው እንዲደፈን፣ አፈሩ እንዲመለስ፣ ሣር እንዲዘራ ያዛል። ከላይ ፎቶግራፍ ለሚያነሳ ሰው የታደሰ መሬት ያለቀለት ሥራ ይመስላል። የአካባቢው ነባር ነዋሪዎች የሆኑት የናቫሆና የሆፒ ሕዝቦች ዋና ሙግት ግን ካሜራ ስለማይደርስበት ነገር፣ ከእግራቸው ሥር በብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት ስላለው ውኃ ነው።

መዘዙ የመጣው ከከሰሉ አጓጓዝ ነው። ከሰሉ ደቅቆ፣ ግማሽ በግማሽ ከውኃ ጋር ተበጥብጦ፣ 440 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ቧንቧ ኔቫዳ እስከሚገኘው የሞሃቬ ኃይል ማመንጫ ይላክ ነበር። ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ ውኃ፣ ያውም በበረሃ፣ የከሰል መጫኛ ሆነ! በዓመት ወደ 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውኃ የሚሳበው የናቫሆ አሸዋ ድንጋይ ከሚባለው ውኃ አዘል ዓለት ነበር። በዓለቱ መካከል ያለው ውኃ ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የዝናብ ውኃ ነው። በአንጻሩ በናቫሆ ምድር ከቤተሰቡ ሲሶ ያህሉ እስከ ዛሬ ቤቱ ቧንቧ አልገባለትም፤ ውኃ በመኪና እየጫነ ነው የሚኖረው።

የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከ1971 ጀምሮ የጉድጓዶቹን የውኃ ከፍታና የምንጮቹን ፍሰት ይከታተላል። ስድስት ጉድጓዶች ለምልከታ ብቻ ተለይተው ያለማቋረጥ ይመዘገባሉ። በእጅ ሲለካ ደግሞ ሥራው የሚገርም ቀላል ነው፤ ባለሙያው የብረት ሜትሩን ጫፍ ጠመኔ ቀብቶ ወደ ጉድጓዱ ይለቀዋል፣ ሲያወጣው ጠመኔው እስከ የት እንደረጠበ ያነባል። ከስድስቱ አንዱ፣ ቢኤም 6 የሚባለው፣ ከ40 ሜትር በላይ ወርዶ ነበር። ሞሃቬ በ2005 ማብቂያ ሲዘጋና ኩባንያው የሚስበው ከሲሶ በታች ሲሆን ውኃው ቀስ በቀስ መመለስ ጀመረ። ማን ምን እንዳደረገ ከዚህ የበለጠ የሚናገር ምስክር አይገኝም።

ኩባንያው በዓለቱ ላይ የጎላ ጉዳት አላደረስኩም ሲል ኖሯል። በከፊል የሚያስኬድ ነገር አለው፤ እዚያ ያለው ውኃ በላዩ ዓለት የተደፈነ ስለሆነ በጉድጓዱ የሚወርደው ግፊቱ ነው እንጂ ዓለቱ ነጥፏል ማለት አይደለም። ነገር ግን ሞኤንኮፒ መንደር ያለው ምንጭ ፍሰቱ ከዓመት ወደ ዓመት ሲቀንስ ተመዝግቧል። ለሆፒዎች ምንጭ የጸሎት ቦታ ነው፤ ጠበል ያለበት አገር ያደገ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም። በአቅራቢያው ያለችው ቱባ ሲቲም ከዚያው ዓለት ስለምትቀዳ የማን ጥፋት ምን ያህል እንደሆነ ለመለየት አሥርት ዓመታት የዘለቀ መዝገብ ያስፈልጋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ በ1960ዎቹ ማብቂያ ሲነሳ መከታተያው ገና አልተጀመረም፤ የቀድሞው ከፍታ የተገመተው ከአሮጌ ጉድጓዶች መረጃ ነው። የ1977ቱ የማዕድን ሕግ ኩባንያው የዋስትና ገንዘብ እንዲያስይዝ ቢያስገድድም፣ በደረቅ አካባቢ ለተተከለው ዕፅዋት የጣለበት የኃላፊነት ዘመን 10 ዓመት ነው። ለሣር ይበቃ ይሆናል። ለከርሰ ምድር ውኃ ግን እጅግ አጭር ነው።

እንደ ዐምደኛው እምነት የዋስትናው የመጨረሻ ክፍል ሊለቀቅ የሚገባው በሣር ቁመት ሳይሆን በጉድጓዱ ንባብ ነው። ስንት ሜትር ሲመለስ «አገገመ» እንደሚባል ዛሬውኑ በቁጥር ይጻፍ፤ የመለኪያው ወጪም ኩባንያው ገንዘቡን ይዞ ከመሄዱ በፊት ከዚያው ዋስትና ተቀንሶ በሁለቱ ሕዝቦች ስም ይቀመጥ።