«ዛሬ ማታ ስልካችሁን ዝጉ»

ይህን ዓምድ የምንጽፈው እንደወትሮው ከትምህርት ቤታችን ዛፍ ሥር ሳይሆን ከካምፓላ፣ ከናኪቩቦ ነው። ከናኪቫሌ ድረስ የመጣነው የሰው ስልክ ይዘን ነው። የአንዲት ተማሪያችን እናት ስልክ ነው። አሁን ስልክ ሠሪው ፊት ለፊታችን ክዳኑን ፈልቅቆ ሆዱን እያየው ነው፤ እኛም እሱ እስኪጨርስ ይቺን እንሞነጫጭራለን። ስልኩ እዚህ እንዴት እንደደረሰ ለመንገር ሁለት ወር ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ ደግሞ አንደብቀውም።

ናኪቩቦን ለማታውቁ፣ ታድሶ በ2024 የተከፈተው ስታዲየም ያለበት ሰፈር ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው)። በአንድ በኩል የኦዊኖ ገበያ አለ፤ ሰልባጁ እንደ ተራራ የተቆለለበት። የከተማውን ጎርፍና ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወርደው ቦይም በዚሁ ያልፋል። ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ከስልክ ሠሪው ሱቅ አጠገብ፣ አንዲት የአገራችን ልጅ ቡና የምታፈላበት ጠባብ ክፍል አለች። ለጉዳይ ወደ ካምፓላ የወጣ የኛ ሰው ሁሉ እዚያች ክፍል ሳይቀመጥ አይመለስም።

ያን ቀንም እኛ የትምህርት ቤቱን ላፕቶፕ ለማሠራት መጥተን እዚያው ተቀምጠን ነበር። እዚያ ቤት የሚወራው ብዙውን ጊዜ ፖለቲካ አይደለም፤ ፖለቲካ ያጣላል። የሚወራው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዜና ነው። ሁሉም ከስልኩ ያነበበውን ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ይቀልድበታል። ያን ቀን ነገሩን የጀመረው ሹፌሩ ነው። «ሳተላይት አመጠቅን ሲሉን ከርመው የአክስቴ ስልክ ዛሬም አይያዝም» አለ። መምህር ደግሞ ዝም ማለት አይችልም። ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 የተባለችው ሳተላይት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ከቻይና፣ ከታይዩዋን እንደመጠቀች፣ 70 ኪሎ ገደማ እንደምትመዝን፣ ሥራዋም መሬትን ከላይ እያየች ለእርሻ፣ ለአየር ጠባይና ለመሳሰለው መረጃ መላክ እንደነበረ ዘረዘርን። «ፎቶ አንሺ ናት እንጂ ቴሌ አይደለችም» አልነው።

«እንግዲያው የአክስቴን ጣሪያ ታንሳልኝና ልይላት፣ ያፈስ ነበር» አለ።

ስልክ ሠሪው ዑጋንዳም በ2022 ፐርልአፍሪካሳት-1 የምትባል ሳተላይት ወደ ጠፈር መላኳን አነሳ። አንድ ኪሎ ገደማ፣ በየጎኗ አሥር ሳንቲ ሜትር የሆነች ሳጥን መሰል ነገር ነበረች። ባለቡናዋ ስኒ እያጠበች፣ «በኪሎማ አሸነፍናቸው» ስትል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወሬው ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዞረ። «አማርኛ ይችላል፣ ግጥም ይጽፋል» ተባለ። ባለቡናዋ «ዱቤ ይሰበስባል?» ብላ ጠየቀች። ዱቤ ያለበት ሁሉ ጸጥ አለ።

በዚህ መሐል ነው የሹፌሩ ስልክ ጢን ያለው። ጮክ ብሎ አነበበው። ዛሬ ማታ ከ12:30 እስከ 3:30 ከማርስ የሚነሣ አደገኛ የጠፈር ጨረር በምድር አጠገብ ስለሚያልፍ ስልካችሁን ዝጉ፣ ከአጠገባችሁም አርቁ፣ ናሳና ቢቢሲ ተናግረዋል፣ ለምትወዱት ሁሉ አዳርሱ ይላል።

ይህ መልእክት አዲስ አይደለም። ዓመታት አልፎታል፤ በየአገሩ እየዞረ በየቋንቋው ይተረጎማል። በጥር 2010 ጋና ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ ይመጣል ከሚል ወሬ ጋር ተዳምሮ፣ ብዙ ሕዝብ ሌሊቱን ከቤቱ ወጥቶ ሜዳ ላይ አድሯል። እኛን ያሳቀን ግን ሰዓቱ ነው። የእንግሊዝኛው መልእክት 12:30 የሚለው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ነው፤ በኛ ስድስት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ «ዛሬ ማታ» ብሎ ተወው። በኛ ደግሞ ማታ 12:30 ማለት ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ዶሮ ስትሰፍር ነው። ስልክ ሠሪው በሉጋንዳም ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ እንደሆነ አስታወሰንና «ጨረሩ ለሀበሻና ለዑጋንዳ በተለየ ሰዓት ነው የሚመጣው» አለ። እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

ጥፋታችን እዚህ ላይ ነው። መልእክቱን ከሹፌሩ ተቀብለን፣ ከሥሩ «ማርስም በሀበሻ ሰዓት መሥራት ጀምራለች! ሰዓታችሁን አስተካክላችሁ ጠብቁ» ብለን ጽፈን፣ ናኪቫሌ ላለው የወላጆች ዋትስአፕ ላክነው። ሦስት አራት ሰው የሚስቅ ፊት መለሰልን። እኛም ቀልዳችን ተወደደልን ብለን ቡናችንን ጨረስን፣ ላፕቶፑን ተቀብለን የማታውን አውቶቡስ ያዝን።

በነጋታው አንዲት እናት ትምህርት ቤት መጣች። ልጇ ሁለተኛ ክፍል ነው። «ቲቸር፣ ጨረሩ ግን ሰው ጎዳ እንዴ?» አለችን። ቀልዱን እየቀጠለች መስሎን መጀመሪያ ሳቅን። አልሳቀችም። «እርስዎ ሰዓታችሁን አስተካክሉ ስላሉ እኔ በኛ ሰዓት ዘጋሁት» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሟ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመውረድ መንገድ ላይ ነበር። የራሱ ስልክ የለውም፤ ካገኘው ሰው እየተዋሰ ነው የሚደውለው። ያን ማታ ልክ በ12:30 ስልኳን ዘግታ፣ ከልጆቿ አርቃ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ማድጋ ውስጥ ከተተችው። በ3:30 ስትከፍተው ሦስት ያመለጡ ጥሪዎች አሉ፣ ከታንዛኒያ ቁጥር። መልሳ ስትደውል አንድ ሰው በስዋሂሊ መለሰላት። ጎረቤቷ አስተረጎመላት፤ ልጁ ስልኩን ተውሶ ነበር፣ የሚያነሳ ሲያጣ ሄደ፣ ወዴት እንደሄደ አላውቅም ነው የሚለው።

ምን እንላለን? ስለ ጨረሩ ማስረዳት ጀመርን፤ መምህር ሲጨንቀው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለእሷ የነገርናትን ለናንተም እንንገራችሁ። የጠፈር ጨረር የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1912 ቪክቶር ሄስ የተባለ የኦስትሪያ ሳይንቲስት መለኪያውን ይዞ በባሉን አምስት ሺህ ሜትር ያለፈ ከፍታ ላይ ወጣና፣ ከመሬት በራቀ ቁጥር ጨረሩ እየበረታ መሄዱን አገኘ። ከመሬት ቢሆን ኖሮ ወደ ላይ ሲወጡ መቀነስ ነበረበት። ስለዚህ ከላይ ነው የሚመጣው አለ፤ በ1936 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይህ ጨረር ቀጠሮ የለውም፤ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይዘንባል። አብዛኛውን ጉልበቱን አየሩ ይሰብረዋል። ከስብርባሪው መሬት የሚደርስ አለ፤ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ በሴኮንድ ብትቆጥሩ፣ በእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ያህል ቅንጣት መዳፋችሁን በስቶ ያልፋል። አይታወቃችሁም። አባቶቻችንንም ሲያልፋቸው ኖሯል። ከማርስ የሚነሣ አይደለም፣ ስልክ መዝጋትም መክፈትም ምንም አይለውጠውም።

አዳመጠችንና «እንግዲህ ይህን ትናንት ቢጽፉልን ጥሩ ነበር» አለች። በቁጣ አይደለም። ቁጣ ቢሆን ይሻለን ነበር።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን የማስተማር ዘዴ የሚያስተምሩን አንድ አዛውንት ነበሩ። ክፍል ውስጥ ስትቀልዱ ሰሌዳ ላይ አትጻፉት ይሉን ነበር፤ ተማሪ ደብተሩ ላይ የሚገለብጠው ጠመኔውን እንጂ ፈገግታችሁን አይደለም። እኛ ያኔ የሽማግሌ ነገር ብለን አለፍነው። ናኪቩቦ ባለቡናዋ ቤት ያ መልእክት ሲነበብ የሁላችንም ፊት ይታይ ነበር፤ ማን እንደሚያሾፍ፣ ማን እንደሚጠራጠር ይታወቃል። ናኪቫሌ ሲደርስ ግን የደረሰው ጽሑፉና የመምህሩ ስም ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ከሥሩ «ሰዓታችሁን አስተካክሉ» የሚል አለበት። ሹፌሩ ቢልከው ኖሮ ማን ከቁም ነገር ይጥፈው ነበር? ስማችን ማኅተም ሆነለት።

ዋትስአፕ ራሱ ነገሩ አሳስቦት በ2018 ከሌላ የመጣ መልእክት ላይ ምልክት ማድረግ ጀምሯል፤ ብዙ የዞረ ከሆነ ሁለት ቀስት ይታይበታል። በሚያዝያ 2020፣ ኮሮና በበረታበት ወር፣ እንዲህ ያለውን መልእክት በአንድ ጊዜ ለአንድ ብቻ እንጂ ለብዙ መላክ እንዳይቻል አደረገ። ያኔ እንግሊዝ አገር ኮሮናን የሚያመጣው 5ጂ ነው ብለው የስልክ ምሰሶ ያቃጠሉ ነበሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረስ በሬዲዮ ሞገድ አይጓዝም ብሎ መግለጽ ግድ ሆነበት። ምሰሶ ያቃጠሉት ያልተማሩ ስደተኞች አልነበሩም፤ ይህን የምንለው ወሬ የሚያታልለው የኛን ሰው ብቻ ለሚመስላቸው ነው። እዚህ ዑጋንዳ ከሐምሌ 2018 ጀምሮ እስከ 2021 ዋትስአፕና ፌስቡክ ለመጠቀም በቀን 200 ሽልንግ ይከፈል ነበር። ገንዘብ ከፍለን ነው ውሸት ስንለዋወጥ የነበረው ማለት ነው።

ወደ ስልኩ እንመለስ። ያቺ እናት ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳን አልዘጋችም። ሶላር ባለው ሱቅ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ይውላል፣ እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ትውላለች። የተቀጠቀጠ ማሽላዋን እዚያው ይዛ እየመጣች ትነፋለች። በዘጠነኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። ወንድሟ ነው፤ በሕይወት አለ፣ ታንዛኒያ ውስጥ ነው። ያን ማታ ሦስት ጊዜ የደወለው ለምን እንደነበር ለእሷ ነግሯት ይሁን አይሁን አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ስልኩ ግን ሳምንታት ሙሉ ሳይነቀል፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በዚያ ሙቀት ውሎ አድሮ፣ ባትሪው ተበላሸ። ክዳኑ አልገጥም አለ። ስልክ ሠሪው አሁን አውጥቶ አሳየን፤ እንደ ድፎ ዳቦ አብጧል። ሁልጊዜ ሞልቶ ሲቆይና ሲግል ውስጡ ጋዝ ይፈጥራል፣ እንዲህ ያበጠ ባትሪ መውጋትም መጫንም አይገባም፣ ሊነድ ይችላል አለን። (እናንተም ዘንድ ያበጠ ካለ ልጆች እንዳይነኩት።)

ባለቡናዋ ታሪኩን ሰምታ ዛሬ ሒሳብ አልቀበልም አለች። ሹፌሩ ደግሞ ያ መልእክት የመጣው ከእሱ ስልክ ስለሆነ የባትሪውን ግማሽ ካልከፈልኩ ብሎ ተከራከረን። ተካፈልን።

አዲሱ ባትሪ ገባ። ስልኩ በራ። ከራሳችን ስልክ ደወልንበት፤ ጠራ። ስልክ ሠሪው በላስቲክ ሊጠቀልለው ሲል፣

«ቲቸር፣ መንገዱ ረጅም ነው፤ ባትሪ እንዲቆጥብ ልዝጋው?» አለን።

«ተወው፤ እንደ በራ እንሄዳለን» አልነው።