ከአሰላ አውራ ጎዳና ገለል ብሎ ስለ መጓዝ

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአዳማም 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ በአርሲ ወረዳዎች ለሥራ የሚመደብ ወጣት፣ የግብርና ባለሙያም ይሁን የጤና ሠራተኛ፣ ብዙ ጊዜ ከወንበርና ከጠረጴዛ ይልቅ የሚያስፈልገው ሞተር ብስክሌት ነው። ስለዚህ ሞተር ብስክሌቱ ስለሚሄድበት መንገድ ጥቂት ብንናገር እንደ ሥራ ፈት ወሬ እንደማይቈጠርብን ተስፋ እናደርጋለን።

ከአዳማ ተነሥቶ አዋሽን ተሻግሮ፣ በዴራ፣ በኢተያና በቁሉምሳ አልፎ አሰላ የሚገባው አስፋልት መልካም መንገድ ነው፤ መልካምነቱ ግን ለመኪና ነው። የጭነት መኪናው ሲያልፍ የሚያስነሣው ነፋስ ሞተሩን ከነነጂው ወደ ቦይ ይገፋዋል። ሚኒባሱም ለመቅደም ሲወጣ ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ባለሁለት እግር እንደ ተሽከርካሪ አይቈጥረውም። በስንዴ አጨዳ ወራት ደግሞ ኮምባይነሩ ከማሳ ወደ ማሳ ሲዛወር ግማሹን መንገድ ይዞ ስለሚጓዝ፣ ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ትዕግሥቱን ያጣል። ከእኛ መካከል የሥራ ባልደረባውን በዚህ ዓይነት አደጋ ቀብሮ የተመለሰ አለና ነገሩን እንደ ቀልድ አናየውም።

ዳሩ ግን አርሲ አንድ መንገድ ብቻ ያለው አገር አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው፣ ካዱ እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በሠራበት አገር፣ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ደግሞ ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኝ ጠጠር መንገድ አክሎበታል። ከኢተያ በሁሩታና በዲክሲስ በኩል ወደ ሮቤ (የባሌዋን ሮቤ ማለታችን አይደለም) የሚወስደው መንገድ ጭላሎን በሰሜን በኩል ዞሮ የስንዴውን አገር ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ እኛ የምንወደው ግን ከአሰላ ወደ ኦጎልቾና ወደ ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ወደ ዝዋይ፣ የሚወርደውን ነው። ተጓዡ ከአሰላ ሲነሣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቈልፎ ነው፤ የዝዋይ ሐይቅ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ በመካከሉ 800 ሜትር ያህል ቍልቍለት አለ። ገብሱ ለስንዴ፣ ስንዴውም ለግራርና ለበቆሎ ቦታውን ሲለቅ፣ ነጂው ካፖርቱን አውልቆ ከኋላው ያስረዋል። ከተራሮቹ የሚወርደው የቀታር ወንዝም ጉዞው ወደዚያው ወደ ሐይቁ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ደጋና ስለ ቆላ የተማርነውን በአንድ ጧት በዓይን የሚያሳይ እንደዚህ ያለ መምህር እምብዛም አላጋጠመንም።

በደቡብ በኩል በሳጉሬ አድርጎ ወደ በቆጂ የሚሄድ ሰው ደግሞ በጋላማ ተራሮች ወገብ ያሉትን የእግርና የፈረስ መንገዶች ያገኛል። ከፍ ሲል አስታና ጅብራ ይታያል፤ ዕድል የቀናውም የደጋ አጋዘን ያያል፤ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። እዚህ ግን ሞተሩን አቁሞ በእግር መሄድ ይገባል፤ የሞተር ድምፅ ለአጋዘን አይስማማውም። በቆጂ የደራርቱ ቱሉ፣ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ አገር ስለሆነች፣ ማለዳ በጭጋጉ ውስጥ የሚሮጡ ልጆች ድንገት ብቅ ይላሉና ፍሬን ላይ እግርን ማኖር ነው።

ሞተር ብስክሌት በአገራችን ስሙ የጠፋ መሆኑንም አንዘነጋም። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ያለ ፈቃድ በከተማው ውስጥ እንዳይነዳ የከለከለው ከቅሚያና ከወንጀል ጋር ስሙ ስለ ተነሣ ነው። በገጠር ይህን ስም የሚያድሰው ወይም የሚያባብሰው ወጣቱ ሠራተኛ ራሱ ነው። መንጋ ሲያጋጥመው ሞተሩን አጥፍቶ የሚቆም፣ ሽማግሌ ሲያይ «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» ብሎ የሚያልፍ፣ በአጨዳ ጊዜ በአውድማ አጠገብ አቧራ የማያስነሣ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ለስብሰባ ሲመጣ ገበሬው ያውቀዋል። በአስፋልቱ ሽው ብሎ ያለፈውን ግን ማንም አያውቀውም።

በክረምት ወራት ይህን ሁሉ አንመክርም። የወይና ደጋው ጥቁር አፈር ከረጠበ በኋላ በጎማና በጭቃ መከላከያው መካከል ተጣብቆ ሞተሩን እንደ ግድግዳ ያቆመዋል፤ በደጋውም በረዶ ይጥላል። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ግን መንገዱ ይጠነክራል። ነጂው የራስ መከላከያ ቆቡን በመያዣው ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ አድርጎ፣ አንድ ካማናዳሪ፣ አንድ ካንዴላና የጎማ መንፊያ ይዞ ይውጣ፤ ጎሚስታ በየቀበሌው የለምና። ቤንዚኑንም ከከተማ ሞልቶ ይነሣ፤ በየሱቁ በሃይላንድ የሚሸጠው ምን እንደ ተቀላቀለበት ሻጩም በእርግጥ አያውቀው።

የቀረው የመንገድ ባለሥልጣኖቹ ፋንታ ነው። ከኦጎልቾ ወዲያ ባሉት መገንጠያዎችና በዲክሲስ መስመር ላይ የቦታውን ስምና ርቀቱን የሚናገር ምልክት ቢቆም፣ እንግዳ ተጓዥ እረኛ እስኪያገኝ ድረስ ቆሞ ባልጠበቀም ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ቆርቆሮና ቀለም ነው፤ የአሰላ ብረት ሠራተኞችም በአንድ ሳምንት የሚጨርሱት ሥራ ነው።