የፊርማ ገንዘብና የፓስቲ ሆድ

ከዳንግላ የጻፍክልን ወንድማችን፣ ደብዳቤህ ደርሶናል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አቋርጠህ ክለብ ፍለጋ አዲስ አበባ ልትገባ ነው። ፓስቲ ጠብሰው ያሳደጉህ እናትህ ደግሞ «እኔ ልሙት አትሄድም!» ብለዋል።

ገንዘቡስ አለ፤ አንዋሽህም። ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ማውጣቱ ራሱ ኮከቦቹ ምን ያህል ይዝቁ እንደነበር ይናገራል። (በጓሮ ይከፈላል ሲባልም ሰንብቷል።)

ግን የእናትህን መጥበሻ ልብ በል። ፓስቲ ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ ስትቆርሰው ሆዱ አየር ነው። ቦምቦሊኖ ስኳር አለው፣ ውስጡም ድፍን ነው። ሳምቡሳ ትንሽ ናት፣ ምስሯን ግን ይዛለች። የፊርማ ወሬ እንግዲህ ፓስቲ ነው። ለወራት ደመወዝ ሳያዩ አቤት ሲሉ የከረሙ የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች ስንት ናቸው!

ስለዚህ ፈተናህን ጨርስ። ክረምት ላይ ባሕር ዳር ቅርብህ ናት፣ እዚያ ተሞከር። ደመወዙና የሚከፈልበት ቀን ተጽፎ፣ የውሉ ቅጂ እጅህ ሳይገባ እንዳትፈርም። «መጀመሪያ ብር አምጣ» የሚል ደላላ ካጋጠመህ ጥለኸው ውጣ። ለእናትህም ራስህ ቁጭ ብለህ አስረዳቸው፤ ከሰው አፍ እንዳይሰሙት።